የእርጉዝ ሴት ዓይን እና ከኩላሊት የተወሰደው ጥፋት

ኤክላምፕሲያ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣው የመንቀጥቀጥ ሕመም፣ ለዘመናት ድንገት መጥቶ እርጉዟን የሚጥል መቅሠፍት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ለንደን ውስጥ በጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ጆን ሌቨር እ.ኤ.አ. በ1843 በእነዚህ ሴቶች ሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መኖሩን ሲያሳውቅ ጥፋቱ ሁሉ ወደ ኩላሊት ዞረ። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1851 የዓይንን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ካስተዋወቀ በኋላ በእርጉዞች ረቲና፣ በዓይን የኋላ ውስጠኛ ሽፋን፣ ላይ የታየው ደም መፍሰስና እብጠትም የኩላሊት መዘዝ ተብሎ ተቆጠረ። እኔ ግን ይህን ፍርድ ካስለወጡት ማስረጃዎች አንዱ ራሱ ረቲናው ነው እላለሁ። ያለ ቢላዋ የደም ሥር በቀጥታ የሚታየው እዚያ ነው፤ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቀጫጭን ደም ወሳጆች መጥበብ ሲሆን፣ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ኩላሊት ብቻ ተጠያቂ ቢሆን ይህ መመለስ ለማስረዳት ይከብዳል። የደም ሥር ችግር በእንግዴ ልጅ በኩልም ሲያጋጥም ፅንሱ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ወይም ያለ ጊዜው ይወለዳል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራም ነው። ሕመሙ ጠንቶባት ረቲናዋ ምንም የማያሳይ ሴት አለች፤ እናትንና ልጅን ቀድሞ ለመጠበቅ የረዳው ሪቫ ሮቺ በ1896 ያቀረበው፣ ኮሮትኮፍም በ1905 በድምፅ የሚለካበትን መንገድ የጨመረለት የክንድ የደም ግፊት መለኪያ ነው። ይህን እቀበላለሁ። የጨለማ ክፍልና የሠለጠነ ዓይን የሚሻ ምርመራ አዋላጅ ከምትይዘው መለኪያ ጋር ሊወዳደር አይችልም። እንዲያውም የዓይን ምርመራ ጉዳትም አምጥቷል፦ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ሐኪሞች የረቲና ለውጥ ሲያዩ የእናቲቱን ብርሃን ለማትረፍ እርግዝናው እንዲቋረጥ ይመክሩ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ፅንሱ ነው። ረቲናው ተላቆ እንኳ ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ ለዓይን ብርሃን ሲባል ብቻ የተሰጠው ያ ምክር ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። የእኔ ክርክር ግን ስለ ቅድመ ምርመራ ሳይሆን ስለ አስተሳሰብ ነው፤ መለኪያው ቁጥር ሰጠ፣ ረቲናው ደግሞ ያ ቁጥር በደም ሥር ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳየ። ዛሬም የዓይን ብዥታና ብልጭታ ከጽኑ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ኤክላምፕሲያን ከሚቀድመው የደም ግፊት ሕመም፣ ምልክቶች ይቆጠራሉ፤ ምንጫቸውም አንዳንዴ ረቲና ሳይሆን የአንጎል የኋላ ክፍል ነው። ማግኒዝየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የኤክላምፕሲያን አደጋ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በ2002 በወጣው ሰፊ ጥናት ስለተረጋገጠ፣ ብልጭታ የምታይ እርጉዝ ግፊቷ ሳይለካ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ምክንያት የለም።