የሥራ ክብርና የሠራተኛው ክብር

ሥራ ክቡር ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገር ግን ሥራን ማክበርና ሠራተኛውን ማክበር አንድ ነገር ነውን? ይህን ሳስብ የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ገዳማት ታሪክ ጥሩ ምስክር ሆኖ አገኘዋለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በሮማ መኳንንት ዘንድ የእጅ ሥራ ለባሪያና ለድኻ የተተወ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ግን ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በኢጣልያ አገር፣ በሞንቴ ካሲኖ ሆኖ ለመነኮሳቱ ሥርዓት ሠራላቸው። በዚህ ሥርዓት 48ኛ ምዕራፍ መነኮሳት በተወሰነ ሰዓት በእጃቸው እንዲሠሩ፣ በተወሰነ ሰዓትም መጻሕፍት እንዲያነቡ ታዘዘ። የገዳሙም ዕቃ ሁሉ እንደ ንዋየ ቅድሳት በጥንቃቄ እንዲያዝ ተወሰነ። ይህንንም ትምህርት ከእርሱ አስቀድሞ አባ ጳኩሚስ በግብጽ ለመነኮሳቱ አስተምሮት ነበር።

ዘመን ሲረዝም ግን ሀብት በዛ፤ ሀብት ሲበዛም እጅ ሰነፈ። በ910 ዓመት በፈረንሳይ አገር የተመሠረተው የክሉኒ ገዳም ጸሎቱንና ዜማውን እጅግ ስላበዛው፣ የእርሻው ድካም በጭሰኞች ላይ ወደቀ። ስለዚህ በ1098 የሞሌሙ ሮቤርቶስና ባልንጀሮቹ ወደ ቀድሞው ሥርዓት እንመለስ ብለው በሲቶ ምድር አዲስ ገዳም ተከሉ። ከእነርሱ በኋላ የተነሣው ቅዱስ በርናርዶስ በ1153 ሲሞት፣ የማኅበሩ ገዳማት ከ300 በላይ ሆነው ነበር። ዱር መነጠሩ፤ ረግረጉን አጠፈፉ፤ በጎች አረቡ፤ ወፍጮውን በወንዝ ኃይል አስኬዱ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ማን ሠራው? መነኮሳቱ በርግጥ ደክመዋል። ነገር ግን መሬቱ ሲሰፋ የጸሎቱና የእርሻው ሰዓት አልገጥም ስላለ፣ ፊደል ያልቈጠሩ የገበሬ ልጆችን «ወንድሞች» ብለው ተቀበሉ። እነዚህም ወንድሞች እንደ መነኮሳቱ ስእለት ገብተው ያርሱና ከብት ይጠብቁ ነበር። ሆኖም ማደሪያቸው የተለየ፣ በቤተ ክርስቲያንም ውስጥ መቆሚያቸው የተለየ ነበር፤ አበምኔት ሲመረጥ ድምፅ አልነበራቸውም።

ፍርድ እንዳላጓድል ይህን ልጨምር። ለድኻ ልጅ የዕለት እንጀራ፣ መጠለያና ከሞት በኋላ የሚጸልይለት ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ወንድም ተብሎ ከወንድሞች ምክር ውጭ መቆም ያቈስላል። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት እነዚህ ሠራተኞች በብዙ ገዳማት ዐመፁ። በ14ኛው መቶ ዓመት ቍጥራቸው እጅግ አነሰ፤ ከገዳማቱም መሬት ብዙው ለኪራይ ተሰጠ።

አንባቢ ሆይ፤ ሥራን በቃል የማያመሰግን ጥቂት ነው። የምስጋናው እውነተኛነት የሚታወቀው ግን ምክር በሚመከርበት ቦታ ለሠራተኛው መቀመጫ ሲሰጠው ነው። መሣሪያውን እንደ ንዋየ ቅድሳት የሚያከብር ሰው፣ መሣሪያውን የጨበጠውን እጅ ይልቁን ሊያከብር ይገባዋል።