የባትማን ጸሐፊ ስም 76 ዓመት የት ነበር?

ዛሬ ስለ ኮሚክስ ነው የማወራችሁ። «ይሄ የልጆች ነገር አይደል እንዴ?» የምትሉ እናቶችና አባቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ እኔ ቤትም የሚባለው ይኸው ነው። ግን ትንሽ ታገሱኝ። ዋናው ጉዳዬ የሰው ስም ነው። ሥራቸውን ዓለም ሁሉ ያወቀላቸው፣ ስማቸው ግን ሳይነሳ የቀረ ሰዎች ነበሩ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እኔ የሱፐርሂሮ ፊልሞችን እወዳለሁ። ኮሚክሱን ሲያነቡ ያደጉ ጓደኞቼ «ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው» ይላሉ፤ አልስማማም። አንዳንዱ ፊልም ደካማ ነው፣ አንዳንዱ ድንቅ ነው፣ መጽሐፉም እንደዚያው ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የማርቬል ፊልም ሲያልቅ ሰው ከወንበሩ አይነሳም፤ ከስሞቹ ዝርዝር በኋላ ትንሽ ትዕይንት እንዳለች ስለሚያውቅ ይጠብቃል። በሺህ የሚቆጠር ስም ፊቱ ሲያልፍ ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ለመግባት አንዳንዱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ተሟግቷል።

ከሱፐርማን ልጀምር። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር አሜሪካ ውስጥ በክሊቭላንድ ከተማ የተዋወቁ፣ የስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይስላል። ሱፐርማንን ይዘው ዓመታት በር አንኳኩ፣ ማንም አልተቀበላቸውም። በ1938 አንድ አሳታሚ ተቀበላቸውና መብቱን በሙሉ በ130 ዶላር ገዛ። ከሌላ ሥራ ክፍያ ጋር ተደምሮ የ412 ዶላር ቼክ ተሰጣቸው። ያቺ ቼክ ራሷ፣ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ በ2012 በጨረታ 160,000 ዶላር ተሸጠች! ባለቤቶቹ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሹስተር ዓይኑ ደክሞ ከወንድሙ ጋር የሚኖር፣ ሲገል ደግሞ ደብዳቤ በማመላለስ ሥራ የሚተዳደር ነበሩ።

የሱፐርማን ፊልም በትልቅ ገንዘብ ሊሠራ መሆኑ በ1975 ሲሰማ ሲገል መሮት ለጋዜጦች ረዥም ደብዳቤ በተነ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የሚባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ጉዳዩን ይዘው ቴሌቪዥንና ጋዜጣ አዳረሱት። በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ለመክፈልና የሱፐርማን ፈጣሪዎች እነሱ መሆናቸውን ለመጻፍ ተስማማ። በ1978 ፊልሙ ሲወጣ ስማቸው ነበረበት። የሚገርማችሁ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄን ስም ለማስመለስ ነበር ድርድሩ እስከ መጨረሻው የከበደው።

አሁን ወደ ባትማን እንምጣ፤ ነገሩ የሚከፋው እዚህ ነው።

ባትማን የወጣው በ1939 ነው። ለአሥርተ ዓመታት በየመጽሐፉ ላይ የተጻፈው «ቦብ ኬን» የሚል አንድ ስም ብቻ ነበር። ኬን በትውልድ ስሙ ሮበርት ካን ነው፣ ኒውዮርክ ብሮንክስ ያደገ አይሁዳዊ። መጀመሪያ የሳለው ባትማን ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ዓይኑን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ ጭምብል ያጠለቀ፣ ጀርባው ላይ ድርቅ ያለ ክንፍ የተገጠመለት ሰው ነበር። አሁን የምናውቀውን ባትማን በፍጹም አይመስልም። ሥዕሉን ቢል ፊንገር ለሚባል ጓደኛው አሳየው። ፊንገርም የብሮንክስ ልጅ፣ አይሁዳዊ፣ ጫማ እየሸጠ ማታ ማታ የሚጽፍ ወጣት ነው። የመጀመሪያ ስሙ ሚልተን ነበር።

ፊንገር ሥዕሉን አየና፦ ቀዩን ተወው ጥቁርና ግራጫ አድርገው፣ ክንፉን አውጥተህ ካባ አልብሰው፣ ጭምብሉ ሙሉ ራሱን ይሸፍን፣ ጆሮ ይኑረው፣ ዓይኑ ነጭ ብቻ ይሁን፣ ጓንት አድርግለት አለው። የመጀመሪያውን ታሪክ የጻፈውም እሱ ነው። ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ጎታም የሚለውን የከተማ ስም የስልክ ማውጫ ሲያገላብጥ ከአንድ የጌጣጌጥ ሱቅ ስም ላይ እንዳገኘው ተናግሯል። ታዲያ ምን ቀረ? ውሉ ቀረ። ከአሳታሚው ጋር የተዋዋለው ኬን ብቻውን ነበር፤ ፊንገር ከኬን እጅ እየተከፈለው ከመጋረጃ ጀርባ የሚጽፍ ሰው ሆነ። እንዲህ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአድናቂዎች ስብሰባ፣ ኮንቬንሽን የምንለው፣ የሚገባው። ዛሬ ኮንቬንሽን ሲባል ሰው የሚያስበው አልባሳቱንና ከታዋቂ ተዋናይ ጋር በገንዘብ ፎቶ መነሳቱን ነው። ሲጀመር ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት ልጆች አዳራሽ ተከራይተው አሮጌ መጽሐፍ ይለዋወጡ ነበር፤ ሠዓሊና ጸሐፊ ሲያገኙ ደግሞ «ይሄን ማን ሳለው? ያንን ማን ጻፈው?» ብለው ይጠይቃሉ። መጽሐፎቹ ላይ ስም ስለማይጻፍ በስልቱ ብቻ ለይተው ያውቁ ነበር እኮ! ያለ እነዚህ ልጆች ጥያቄ የብዙ ሰው ሥራ እስከ ዛሬ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1965 ክረምት ኒውዮርክ በተደረገው ኮንቬንሽን ቢል ፊንገር መድረክ ላይ ወጣ። ያኔ 51 ዓመቱ ነው። ባትማን እንዴት እንደተሠራ፣ እሱ ምን እንዳደረገ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገረ። የአድናቂዎች መጽሔት ያዘጋጅ የነበረ ጄሪ ቤይልስ የሚባል የኮሌጅ መምህር የሰማውን ጽፎ አሠራጨ። ቦብ ኬን ተቆጥቶ የመልስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ባትማንን የፈጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ አለ። ኩባንያውም ዝም አለ። ፊንገር በጃንዋሪ 1974 በ59 ዓመቱ አፓርታማው ውስጥ ሞተ። በሕይወቱ አንድም የባትማን ፊልም ወይም መጽሐፍ ፈጣሪ ብሎ አልጠራውም። ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ስሙ መጻፍ ነበረበት ብሎ ተጸጸተ። እስቲ አስቡት፣ ሰውየው ከሞተ 15 ዓመት በኋላ!

ከዚያ ምን ሆነ? ማርክ ታይለር ኖብልማን የሚባል ደራሲ ለመጽሐፍ መረጃ ሲያሰባስብ ማንም የማያውቃትን የፊንገርን የልጅ ልጅ አገኘ። የፊንገር አንድ ልጅ ስለሞተ ወራሽ የለውም ተብሎ ነበር። ወራሽ ሲገኝ ነገሩ ተለወጠ። ሴፕቴምበር 2015 ኩባንያው ስሙን ሊጽፍ መስማማቱን አስታወቀ። ከ1939 እስከ 2015፣ 76 ዓመት ነው።

የጃክ ኪርቢን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። በትውልድ ስሙ ጄኮብ ከርትዝበርግ ይባላል፤ በኒውዮርክ የድሆች ሰፈር የተወለደ፣ አባቱ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ። ከጆ ሳይመን ጋር ካፕቴን አሜሪካን ፈጠረ። የመጀመሪያው ሽፋን ላይ ጀግናው ሂትለርን ፊቱ ላይ በቡጢ ሲመታው ይታያል፤ መጽሐፉ ለሽያጭ የወጣው በዲሴምበር 1940፣ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከመግባቷ አንድ ዓመት በፊት ነው። በኋላም ራሱ ዘምቶ አውሮፓ ተዋጋ። የሳንዲያጎ ኮሚክ-ኮን በ1970 ሲጀመር 300 ያህል ሰው ነበር የመጣው፤ ኪርቢ ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። ዛሬ እዚያ ከ130,000 ሰው በላይ ይገባል፣ ፊልም ሠሪዎቹ 6,500 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ አዲስ ፊልማቸውን ያስተዋውቃሉ፣ ሠዓሊዎቹ ደግሞ ራቅ ብሎ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይፈርማሉ። የኪርቢ ልጆች ከማርቬል ጋር የተስማሙት በ2014 ነው፣ እሱ ከሞተ 20 ዓመት በኋላ።

ከስታን ሊ ጋር በ1966 ብላክ ፓንተርን የፈጠረውም ይሄው ኪርቢ ነው። በ2018 ፊልሙን ሳየው፣ ቅኝ ያልተገዛች የአፍሪካ አገር፣ ንጉሥና ጥንታዊ ሥርዓት ያላት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደረቴ ነው የሞቀው። እሱን መጀመሪያ የሳለው የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ አይሁዳዊ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ለሰፈር ልጆች ስነግራቸው አያምኑኝም።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልበል። ከርትዝበርግ ኪርቢ የሆነው ራሱ ፈልጎ ነው፤ ካንም እንዲሁ ኬን ሆነ። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ የእኛ ልጆች ግን ስማቸው ጠረጴዛ ላይ፣ በሌላ ሰው እስክሪብቶ ነው የተለወጠው። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፣ ልጅ በጠዋት በአማርኛ ስም ገብቶ በዕብራይስጥ ስም ወጣ። የእኔ ታላቅ እህት አንዷ ናት። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ ግን የፊንገርን ታሪክ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መጨረሻ ላይ የጻፉለት ቢል ብለው ነው ወይስ ሚልተን?» ብላ ነው።

ቢል ብለው ነው፤ ያንን ስም የመረጠው ራሱ ነው።

በየዓመቱ በሱኮት ቴል አቪቭ ውስጥ አይኮን የሚባል ፌስቲቫል አለ፣ ልጆቻችሁ ሳያውቁት አይቀሩም። ውሰዷቸው። ልብሱን ይልበሱ፣ ፎቶም ይነሱ። ነገር ግን ኮሚክስ የሚስል ሰው ጠረጴዛ ካያችሁ ቆም በሉና ስሙን ጠይቁት፤ ሌላ ምንም ባትገዙ።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልሰናበት። አሁን የባትማን ፊልም ላይ የሚጻፈው «ቦብ ኬን ከቢል ፊንገር ጋር» በሚል ነው። «እና» ሳይሆን «ጋር»። የኬን ውል ስለጸና ነው እንዲህ የተጻፈው ይባላል። ብዙ አድናቂዎች በዚህች ቃል እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔም ከሚከራከሩት ነኝ። ብሮንክስ ውስጥ ግን ከ2017 ጀምሮ አንድ የመንገድ ጥግ በስሙ ተሰይሟል፤ እዚያ ታቤላ ላይ ኬን የለም፣ ያለው የፊንገር ስም ብቻ ነው።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ሰላም ሁኑ።