አክሲዮኑ ወደ ማን ይለፍ? ስለ ጅቡቲ ምድር ባቡር ኩባንያ

የጅቡቲ ምድር ባቡር ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የመንግሥታት ፉክክር ነው፡፡ እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ነገሩን በኩባንያው ባለቤቶች በኩል ልንመለከተው እንወዳለን፡፡

ዳግማዊ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር፡፡ ኢልግና ፈረንሳዊው የሥራ ባልንጀራው ሌዎን ሸፍኔ በ1888 ዓ.ም. ኩባንያውን አቋቋሙ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ከአክሲዮኑ ድርሻ እንዲያገኙ፣ ትርፉም ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ሲያልፍ ከበላዩ ያለው እኩሌታ የእርሳቸው እንዲሆን ተወስኖ ነበር፡፡ ገና ያልተገኘ ትርፍ እንዴት እንደሚከፈል እንዲህ በጥንቃቄ ሲታሰብ፣ አክሲዮኑ ወደ ማን እጅ ሊያልፍ እንደሚችል ግን የሚገታ ነገር እንዳልነበረ ከዚያ በኋላ የሆነው ያስረዳል፡፡

ገንዘብ ባጠረ ጊዜ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ፡፡ ይህን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት ጥር 29 ቀን 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ ይኸውም ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊረዳ፣ በምትኩም ኩባንያውን ሊቈጣጠር ነው፡፡ ባለፈቃዱና ባለድርሻው ምኒልክ አልተጠየቁም፡፡ ቅር መሰኘታቸው አያስደንቅም፡፡ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ወደ ላይ የሚቀጥለው ሥራ ግን ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም በ1899 ዓ.ም. ከሰረ፡፡

ባለአክሲዮኖቹ አስቀድመው እርስ በርሳቸው ቢዋዋሉ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ነው፡፡ ድርሻውን የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ ለማኅበርተኞቹ እንዲያቀርብ ይገደድ ነበር፡፡ ተጨማሪ ገንዘብ ሲያስፈልግ ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ ይታወቅ ነበር፡፡ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ እንደ 1894ቱ ያለ ከባድ ውል ድርሻው ጥቂት የሆነው ሰው ጭምር ሳይስማማበት አይፈረምም ነበር፡፡ በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮንን መተላለፍ መገደብን ፈቅዷል፤ ይህን የሚመለከተው የሕጉ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል፡፡

እንዲህ ያለው ወረቀት የፓሪስንና የሎንዶንን ምኞት ያስቆም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ባዶ ካዝናንም ውል አይሞላውም፡፡ ነገር ግን ምኒልክ የቀራቸው መሣሪያ ሥራውን ማገድ ብቻ ሆነ፤ የማገዱም ዋጋ በእርሳቸውም ላይ ወደቀ፡፡ በ1900 ዓ.ም. ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልያን አዲስ ፈቃድ ሰጡ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው፡፡