«የክራክ ሕፃናት» የተባሉት ልጆችና እናቶቻቸው

ዛሬ የምናነሣው ታሪክ የአሜሪካ ነው። የእናቶች ጉዳይ ስለሆነ ግን ከማኅበራችን የራቀ አይመስለንም።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዶክተር አይራ ቻስኖፍና ባልደረቦቻቸው በእርግዝና ጊዜ ኮኬይን ስለወሰዱ ሴቶች አንድ ጥናት አሳተሙ። የተጠኑት 23 ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከመካከላችን ሒሳብ የምንሠራው በ23 ደረሰኝ የአንድ ድርጅት የዓመት ሒሳብ አንዘጋም፤ ጋዜጦቹና ቴሌቪዥኖቹ ግን ዘጉት። ሰውነታቸው የሚንቀጠቀጥ ጨቅላዎችን እያሳዩ «የክራክ ሕፃናት» አሏቸው። መንቀጥቀጥ ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይም እንደሚታይ የነገረን ዘገባ ጥቂት ነው። በ1989 ቻርልስ ክራውታመር በዋሽንግተን ፖስት ዓምዱ እነዚህ ልጆች ከተፈጥሯቸው የበታች የሆነ አዲስ መደብ እንደሚሆኑ ጻፈ። እናቶቹ በአብዛኛው ድሆችና ጥቁሮች ሆነው ነው የቀረቡት።

ክራክ ከዱቄቱ ኮኬይን የሚሠራ፣ የሚጨስ ዓይነት ነው፤ ዕፁ አንድ ነው። ሆኖም በ1986 የወጣው ሕግ 5 ግራም ክራክ የያዘንና 500 ግራም ዱቄት የያዘን እኩል ቢያንስ በ5 ዓመት እስራት ይቀጣ ነበር። 100 ለ1 ማለት ነው። በ2010 ወደ 18 ለ1 ዝቅ አለ፤ እኩል ግን አልሆነም።

በቻርልስተን ከተማ ደግሞ አንድ የሕዝብ ሆስፒታል ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ሳያስፈቅድ እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ሰጠ። ገና ከመውለዳቸው የታሰሩ አሉ። ሐኪም ቤት መሄድ የሚያሳስር ከሆነ የትኛዋ ነፍሰ ጡር ለክትትል ትሄዳለች? ሴቶቹ ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 ያለ ፈቃድ የተደረገው ምርመራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ።

በፊላዴልፊያ ዶክተር ሃላም ኸርት 224 ሕፃናትን ከ20 ዓመት በላይ ተከታተሉ። ሁሉም ከድሃ ቤተሰብ ናቸው፤ ግማሾቹ እናቶቻቸው ኮኬይን የወሰዱ፣ ግማሾቹ ያልወሰዱ። በአእምሮ ችሎታ ፈተና ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱም ወገን ግን ከአማካዩ በታች ነበሩ፤ ይበልጥ የጎዳቸው ድህነትና ግፍ የሞላበት ሰፈር ነበር። ኮኬይን ለነፍሰ ጡር አይጎዳም ማለታችን አይደለም፤ ያለ ጊዜው እስከማስወለድ ያደርሳል።

የኒው ዮርክ ታይምስ ርዕሰ አንቀጽ መገናኛ ብዙኃን በነዚህ እናቶች ላይ ያደረሱትን በደል በ2018 አመነ። ልጆቹ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ግድም ሆኗቸው ነበር።