የ3 በመቶው ሙግት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። ዛሬ የማወጋችሁ በአንድ ዓመት፣ በ2002፣ ስለወጡ ሁለት የጤና ሕጎች ነው። አንዱ ባሕር ማዶ በጩኸት ወጣ። ሌላው የኛው ነው።

ከሩቁ ልጀምር። ዓመቱ ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2001፣ ባራክ ኦባማ ሁለቱን የአሜሪካ ምክር ቤቶች ሰብስበው ስለ ጤና ሕጋቸው ይናገራሉ። ሕጉ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች እንደማይሸፍን ሲያስረዱ፣ ጆ ዊልሰን የሚባል የደቡብ ካሮላይና ተወካይ ከመቀመጫው «ትዋሻለህ!» ብሎ ጮኸባቸው። አገር በቴሌቪዥን እያየ! አቦ፣ እኛ ዘንድ ቢሆን… ልተወው፣ ወሬዬን ታስቆሙኛላችሁ።

ጠቡ በዚያ አልቆመም። ታኅሣሥ 15 ቀን ረቂቁ ሴኔቱን 60 ለ39 አለፈ። መጋቢት 12 ቀን ሌሊት በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 ሆነ። ከሪፐብሊካኖቹ አንድ ሰው እንኳ አልደገፈውም፤ ከኦባማ ከራሳቸው ፓርቲም 34ቱ እምቢ አሉ። ዋሽንግተን ወደ እኩለ ሌሊት ስትጠጋ እኛ ድሬዳዋ ላይ ሊነጋ ነበርና፣ እዚያ ድምፅ ሲቆጠር እዚህ የፈጢራ ምጣድ ይጣድ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ሪፐብሊካኖቹ ሥልጣን ሲይዙ ሕጉን ሊሽሩት ተነሡ። ሐምሌ 21 ቀን 2009 ሌሊት፣ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው ገና የተነገራቸው ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን ሴኔት መጥተው አውራ ጣታቸውን ወደ መሬት ቆለቆሉ። 49 ለ51። የራሳቸው ፓርቲ ያመጣው መሻሪያ በሳቸው እጅ ወደቀ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በዚያው በ2002 እኛም አወጣን፤ የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002። ደመወዝተኛው ከደመወዙ፣ አሠሪው ከካዝናው አዋጥተው፣ ሠራተኛው ሲታመም ኪሱን ሳይዳብስ ይታከም ነው ነገሩ። ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 271/2005 ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠው፤ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ። ሐሳቡ መጥፎ ነው የሚል ካለ እኔ አይደለሁም።

ግን አዋጁ ስንት ለስንት አለፈ? እዚሁ ድሬ መጋላ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ከዚራ ተሻግራችሁ ጠይቁ፤ የዋሽንግተኑን የሚነግራችሁ ታገኙ ይሆናል፣ የኛን የሚያስታውስ ግን አታገኙም። ገዥው ፓርቲ ያመጣው ረቂቅ መቼ ወድቆ ያውቃል? ከአዋጁ በኋላ ሥራ በጀመረው፣ በግንቦት 2002 በተመረጠው ምክር ቤትማ ከ547 ወንበር ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የተቃዋሚው የመድረክ ተወካይ ግርማ ሰይፉና በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ማን ማንን «ትዋሻለህ» ይለዋል?

ተቃውሞ ግን ቤት ሲያጣ አይሞትም፤ ሌላ ቤት ይገባል። ይኸኛው የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ገባ። ደመወዟ 6000 ብር የሆነ አንዲት መምህርት እናስብ። ግብር ይቆረጣል፣ ጡረታ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ በላዩ ደግሞ 180 ብር ለመድህን ልትባል ነው። አጠገቧ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ 1 በመቶ ነው የተባሉት፤ ምን አለብዎት!» ትላቸዋለች።

«ልጄ፣ ጡረታዬን አይተሽዋል? ከሱ ላይ 1 በመቶ ሲነሣ ሻይ ነው የሚቀርብኝ። ግን ልክፈል፤ ስሄድ መድኃኒቱን አገኛለሁ ወይ? ‹የለም፣ ከውጭ ይግዙ› ካሉኝ ለምን ከፈልኩ?»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

ከሳጥን የገባ ድምፅ ቢሆን ይቆጠር ነበር። ይህን ዓይነቱን ወሬ ግን በየትምህርት ቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ መርፌ ይዘው በቆሙት የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር ትሰሙት ነበር። ትግበራው ተቀጠረ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተቀጠረ፣ እንደገና ተራዘመ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲንከባለል ኖረ። ማኬይን በአንድ አውራ ጣት የሠሩትን እኛ አገር ደመወዝተኛው በማጉረምረም ሠራው።

ድሬ ፖለቲካ አልነበራትም እንዳትሉኝ፣ ሞልቷት ነበር! በቻርተሯ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ስር፣ 189 ወንበር ያለው ምክር ቤት አላት። ወንበሩ ግን በ40፣ 40፣ 20 ተቆርሶ ነበር፤ 40ው ለኦሕዴድ፣ 40ው ለሶማሌው ፓርቲ፣ 20ው ለቀሩት። ከንቲባነቱም በተራ። በጥር 2011 ወጣቱ ይሄ ቀመር ይብቃ ብሎ አደባባይ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዚያው ክረምት፣ ቺኩንጉንያ ከተማዋን መታት። በ2006 ደንጊ ያየ ሰው ትንኟን ያውቃታል፤ ውኃ ስለሚጠፋ በየጊቢው በርሜል እንሞላለን፣ እሷ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ትፈለፈላለች። የ40ውም የ20ውም ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ እያቃሰተ በሳቢያንና በድል ጮራ ሆስፒታል ተሰለፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሕዳር 2012 ላይ፣ ሁለቱ ባለ 40ዎች ብልጽግና በሚባል አንድ ፓርቲ ተዋሐዱ። የበርሜሉ ነገር ግን የማንም ፓርቲ መፈክር ሲሆን አልሰማሁም። ወንበር ላይ ያን ያህል የተጣላን ሰዎች ውኃና መድኃኒት ላይ ለምን ዝም አልን? እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሙግት ስለማናውቅ ነው እንዳይባል፣ መረዳጃዎቻችን አፎሻና እድር አሉ። የወር መዋጮ አምስት ብር ይጨመር ሲባል ያለውን ክርክር ያየ ሰው የአሜሪካ ሴኔት አይገርመውም። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ መዝገብ አምጡ ይላል፣ አንዷ ባለፈው ድንኳኑ ተቀዶ እንደመጣላት ታነሣለች። ይመሻል። በመጨረሻ ሲስማሙ ግን ሁሉም ይከፍላል፤ የት እንደሚሄድ በጆሮው ሰምቷልና። አዋጅ 690/2002 የጎደለው እንዲህ ያለ ምሽት ነው።

ለገበሬውና በግሉ ለሚያድረው ወገን የተዘጋጀው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን እኮ በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። ሰዎች ከፈሉ፣ ደብተር ያዙ፣ ታከሙ፣ ጎረቤት አየ። እሱም ቢሆን «ከውጭ ይግዙ» ከምትባለዋ ቃል አላመለጠም፤ ደብተሩን ይዞ ከግል ፋርማሲ ደጅ የቆመ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት መክፈሉን ይጠራጠራል። ቢሆንም የፈተነው ሰው ስላለ የሚሞግተውም በእውቀት ነው። ደመወዝተኛው ግን ያልቀመሰውን ነበር ክፈል የተባለው።

የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የአሜሪካኖቹ ጠብ አስቀያሚ ነበር፣ ዝምታችን ግን ከጠባቸው የበለጠ ጊዜ በላን። እነሱ ተናክሰውም ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ፤ እኛ ሳንናከስ አሳደርነው።

ድሬ ለተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሰው ትልካለች። ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ ሰፈራችሁ የሚመጣውን እጩ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ወንበር ስጡትና ውኃ አቅርቡለት። ከዚያ 3 በመቶውን ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ፣ መድኃኒት ቤቱንስ በምን ትሞላዋለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ካልመለሰላችሁም አትምረጡት።