የልብስ ማጠቢያ ማሽንን የፍሳሽ ቱቦ እስከ ሲንክ ማስረዘም

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያጠበበትን ቆሻሻ ውኃ በራሱ ፓምፕ እየገፋ በፍሳሽ ቱቦ ያስወጣል። ማሽኑ ከሲንኩ ርቆ ሲቀመጥ ግን አብሮት የመጣው ቱቦ አይደርስም። በዚህ ጊዜ ማስረዘሚያ መቀጠል ይቻላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የማሽኑ ሶኬት ይነቀላል፤ የውኃ መስመሩም ይዘጋል። ማስረዘሚያው ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የተሠራ፣ የውስጥ ስፋቱም ከነባሩ ጋር እኩል የሆነ ቱቦ መሆን አለበት። የአትክልት ማጠጫ ጎማ በሙቅ ውኃ ስለሚለሰልስና ስለሚታጠፍ አይመከርም። ሁለቱ ጫፎች በፕላስቲክ ማገናኛ ተጋጥመው በሁለቱም በኩል በፋሼታ ይጠብቃሉ።

ቱቦው የሚገባው ከሲንኩ ሥር ባለው ሲፎን ላይ ከሆነ፣ የመግቢያው መክደኛ አስቀድሞ ይነሣል። ይህ ከተዘነጋ ውኃው መውጫ ያጣል። ቱቦው ወደ ሲፎኑ ከመውረዱ በፊት ከሲንኩ ሥር ከፍ ተደርጎ ይታሰራል። ዝቅ ብሎ ከቀረ ማሽኑ የሞላው ውኃ ሳያጥብበት ሊፈስ፣ የሲንኩ እጣቢም ወደ ማሽኑ ሊመለስ ይችላል።

ቱቦው በረዘመ ቁጥር በፓምፑ ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ስለሆነም በአምራቹ መመሪያ ከተፈቀደው ርዝመትና ከፍታ ማለፍ አይገባም።

በመጨረሻም ማሽኑ ያለ ልብስ በአጭር ፕሮግራም ይሞከራል፤ መጋጠሚያውም በደረቅ ጨርቅ እየተዳሰሰ ይፈተሻል። ከመጋጠሚያ የሚንጠባጠብ ውኃ ወለል ላይ ከተቀመጠ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጋር ከተገናኘ ለሕይወት አደገኛ ነው። ስለዚህ ማከፋፈያው ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከቱቦው ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል።