አጥር የማያውቀው ቀርከሃ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ጊዜ ያለን ሰዎች ነን፣ ቡናውም ገና ሁለተኛው ነው። ነገሩ የሆነው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የቤቱን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ለነገሩም አያስፈልገንም።

ባልና ሚስቱ ቤቱን ሊያዩ የሄዱት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር ነበር። ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ዳምኖ ውሏል። ቤት አሻሻጩ በኋላ በር ሲያወጣቸው ግን ከጓሮው ጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ቀርከሃ አዩ፤ ቁመቱ ከጣሪያው ያልፋል፣ ቅጠሉ በዚያ ብርድ እንኳ ይንሾካሾካል። ባልየው የአዊ ልጅ ነው፤ እንጅባራ አካባቢ፣ ጉም ከቀትር በፊት በማይነሣበት አገር፣ በቀርከሃ አጥር ውስጥ ነው ያደገው። ምንም አልተናገረም አሉ። ጓንቱን አወለቀና አንዱን ግንድ ጨብጦ ቆየ፣ ከዚያም ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት፣ እሷም ገባት፣ ቤቱንም ገዙ።

ከዚያ ብርዱ አለፈ፣ ማርች አለፈ፣ የኤፕሪል ዝናብ መጣና ምድሩን አርሶ ሄደ። አንድ ማለዳ ባልየው ወደ ጓሮ ብቅ ቢል ሣሩ መሃል ጣት ጣት የሚያካክሉ ነገሮች ቆመው አገኘ። ጎንበስ ብሎ አንዱን አየው፤ ከታች እስከ ላይ በቡናማ ልባስ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ ላይ አንዲት ጠባብ ቅጠል አውጥቷል፣ ከቅጠሏም ጫፍ አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ሌሊቱን ዝናብ አልጣለም፤ ውሃዋ ከታች፣ ከሥሩ ተገፍታ የወጣች ናት። ወደ ሥራው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያ ጣት የሚያህለው ጉልበቱ ጋ ደርሶ ነበር። ከዚያ በበረንዳው ጣውላ መሃል አንዱ ወጣ፣ ከዚያ የሚስቱ የጎመን መደብ ውስጥ ሌላው ወጣ፣ ከዚያም ከቤቱ መሠረት ጥግ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ስለዚህ ፍጥረት ጥቂት ልንገራችሁ፤ ሳያውቁት የሚታገሉት ነገር አይደለምና። ቀርከሃ ዛፍ አይደለም፣ የጤፍና የስንዴ ዘመድ የሆነ ሣር ነው። አንዳንዱ ዓይነት ባለበት ተሰብስቦ ይበዛል፣ አንዳንዱ ግን መሬት ለመሬት ይሮጣል። እዚያ ጓሮ የነበረው ሯጩ ነው፤ ከቻይና የፈለቀ፣ አሜሪካኖች ወርቃማ ቀርከሃ የሚሉት፣ ለጌጥ ተብሎ በ1882 አላባማ የገባ። ሥር የምንለው ነገርም መሬት ውስጥ ተጋድሞ የሚሄድ ግንድ ነው። አንጓ አለው፣ በየአንጓው ዓይን አለው፣ ዓይኑም ወይ ወደ ላይ ወጥቶ ቀርከሃ ይሆናል፣ ወይ ወደ ጎን ሄዶ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ወደ ጥልቁ ብዙም አይወርድም፤ አብዛኛው ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው የላይኛው አፈር ውስጥ ነው። በጎን ግን ከተመቸው በአንድ ዓመት ብዙ ሜትር ይጓዛል። ፊት የነበሩት ባለቤቶች ከጎረቤት ዓይን ለመከለል ብለው ነበር የተከሉት፤ ያ የተከሉት ደግሞ በአጥሩ ሥር አልፎ ጎረቤቱ ቤት ገባ።

ጎረቤቶቹ ሽማግሌ ቬትናማውያን ባልና ሚስት ናቸው፤ አገራቸውን በጦርነት ያጡ፣ ያቺን ቤት በስንት ልፋት ያቆሙ ሰዎች። ከመደባቸው መሃል ቀርከሃ ሲወጣ አንድ ዓመት ታገሡ፣ ሌላ ዓመት ታገሡ፣ ከዚያ ልጃቸው ለካውንቲው አመለከተ። ፌርፋክስ ውስጥ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ሯጭ ቀርከሃን ወደ ሰው ግቢ ማሳለፍ በካውንቲው ደንብ የተከለከለ ነው፤ የሚጠየቀውም አሁን መሬቱን የያዘው ነው እንጂ ድሮ የተከለው አይደለም። ደብዳቤው መጣ። የኛ ሰው ደብዳቤውን አነበበና አፈረ። በአጥሩ ላይ የነበረው የጠዋት ሰላምታም ቀረ፤ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነበር ብላ ነገረችኝ ሚስቱ።

ባልየው በቁጣ ተነሣ፣ የኤሌክትሪክ መጋዝ ገዛ፣ ከአንድ ሰንበት እስከ ሌላው ሰንበት ግማሹን ጓሮ ጨፈጨፈው። ወር ሳይሞላ የተቆረጠው ሁሉ ከጉቶው ቁጥቋጦ አወጣ። እሱም መጋዙን ጋራዥ ውስጥ ወርውሮ ተወው።

እናቱ የመጡት በሚቀጥለው ሁዳዴ ነው። እሳቸው ከእንጅባራ በአውቶቡስ ተነሥተው፣ ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርደው ሽቅብ ወጥተው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረው፣ ከቦሌ ተሳፍረው፣ ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ነጠላቸው አልተዛነፈም ነበር አሉ። በዘንቢላቸው ሽሮና በርበሬ፣ በጨርቅ የታሰረ ዳቤም ይዘዋል። ቤት ደርሰው እግራቸው ታጥቦ፣ ትንሽ አረፍ ብለው፣ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ቀርከሃውን አዩ።

«አይ ልጄ! ይሄን ሁሉ ሀብት ጓሮህ አቁመህ ነው የተቸገርኩ ስትለኝ የኖርኸው?»

እውነታቸውን ነው። በሳቸው አገር ቀርከሃ ሀብት ነው፤ አጥር ነው፣ ጣሪያ ነው፣ አልጋ ነው፣ ቅርጫት ነው፣ ገንዘብ የጠፋ ቀን ደግሞ ተሸክመው ገበያ የሚያወጡት ነው። ልጁ ሁሉንም ነገራቸው፤ ደብዳቤውን፣ ጎረቤቶቹን፣ የተቋረጠውን ሰላምታ። እማማ ስለ ሰላምታው ሲሰሙ ዝም አሉ። ቀርከሃው ሲያብብ በራሱ ይሞት የለም ወይ ብሎ ጠየቃቸው። «ይሞታል፤ እኔ ግን በዕድሜዬ ያየሁት አንዴ ነው፣» አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። አንዱን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፣ ያዳምጣሉ፣ ቆዳውን ይዳስሳሉ፣ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ይሄ የአምና ነው፣ ይሄ አራት ዓመት አልፎታል፣ እያሉ። ከዚያ ወጡና ጉቶ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉት፦

«ግንዱን ብትቆርጠው ምኑ ነው? እኛም እንቆርጠዋለን፣ እንዲታደስ ብለን። ሦስት ዓመት የሞላውን እንቆርጣለን፣ የዘንድሮውንና የአምናውን እንተዋለን። እኛ የምንሰጋው ለቡቃያው ነው። ቡቃያ ሲወጣ እረኛው ከብት ካስገባበት መንደሩ ሁሉ ይጣላዋል። አንድ ዓመት ቢበላ ይችላል፣ ሁለት ዓመት ቢበላ ይሰንፋል፣ ከዚያ ወዲያ አይችልም። ስለዚህ አንተ ክፉ እረኛ ሁን። ሁሉንም አንዴ ቁረጥ፣ ከዚያ ቡቃያውን አትማረው።»

ወገኖቼ፣ ይህንን ነገር ባለሙያ ብትጠይቁም ከዚህ የተለየ አይነግራችሁም። ቅጠሉ በበጋው ፀሐይ ሥሩ ውስጥ ያለውን ጎተራ ይሞላል፣ ቡቃያው ደግሞ በጸደይ ከጎተራው እየዛቀ ያድጋል። በ60 ቀን ገደማ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል፣ ቅጠል እስኪዘረጋ ድረስ ግን የሚበላው የተጠራቀመውን ነው። ቅጠል ሊያወጣ ሲል ከሰበራችሁት ከጎተራው ወጣ እንጂ ምንም አልገባም። ደግሞ ያወጣል፣ ደግሞ ትሰብራላችሁ። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ሥር የሰደደ ከሆነ ከዚያም በላይ። በአንድ ወቅት ተስፋ ቆርጦ የተወ ሰው ግን ጎተራውን መልሶ ሞላው ማለት ነው።

ከጎረቤት ተነጥሎ ይህን ማድረግ ደግሞ አይቻልም፤ ሥሩ አንድ ነውና። እዚህ የተራበው እዚያ ማዶ በበቀለው ቅጠል ይመገባል። እማማ ይህን ከማንም በፊት ነው የተረዱት። አንድ ከሰዓት በኋላ ጀበናውን አስጥደው፣ ቆሎውን በሰፌድ አድርገው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ አጥሩ ሄዱ። ቬትናማዊቷ እናት መደባቸው ላይ ጎንበስ ብለው ነበር፤ ቀና አሉ። የሚያግባባ ቋንቋ የለም። እማማ በእጃቸው ወደ ጀበናው፣ ከዚያ ወደ እሳቸው፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ አመለከቱ። ወይዘሮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና መጡ።

ቡናው እየተጠጣ ሳለ ወይዘሮዋ ሣሩ ውስጥ ካሉት ቡቃያዎች አንዱን፣ ስንዝር ያህል የሆነውን፣ ከሥሩ ቀጭ አድርገው ሰበሩና ልባሱን እየገለጡ ጣሉት፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ወደ አፋቸው የመውሰድ ምልክት አሳዩ። እማማ በቤታቸው ቡቃያ በልተው አያውቁም፤ ገርሟቸው አዩ። ጥሬው መራራ ነው፣ መርዝነትም ስላለው ሳይቀቀል አይበላም፤ ወይዘሮዋ ውሃውን እየደፉ ደጋግመው ቀቅለው፣ በእንጉዳይ ጠብሰው፣ በማግሥቱ በሳህን አመጡት። ጾም መሆኑን ምራቲቱ ብታስረዳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቡዲስት ናቸውና ሥጋ የማይቀምሱበት ቀን ለሳቸውም አዲስ አይደለም። ከዚያ ወዲያ እማማ ቡቃያውን በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ይሠሩት ጀመር፣ በየሁለት ቀኑም ሁለቱ እናቶች፣ አንዷ በዚህ አንዷ በዚያ ማዶ፣ ላስቲክ ከረጢት ይዘው አጥሩን ተከትለው እየሰበሩ ይሄዳሉ። ሽማግሌው ባልም ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ያነሡ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ጅጌ ተጠራ። ከመቆፈሩ በፊት ግን ልጅየው 811 ደወለ፤ እናንተም ሳትደውሉ አንድ ዶማ እንዳታነሡ። ነጻ ነው፤ ጥቂት ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ሰዎች መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይረጩላችኋል፤ ቀዩ መብራት ነው፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ብርቱካንማው ስልክና ኢንተርኔት፣ ቢጫው ጋዝ። ቢጫው መስመር ቀጥ ብሎ ቀርከሃው መሃል ገባ። ስለዚህ ቆፋሪ መኪናው ቀረና ሥራው ሁሉ በእጅ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ፣ አንዱ ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ ድጅኖ ይዞ መጣ፣ የጎረቤቶቹም ልጅ፣ ያ አመልክቶ የነበረው፣ ጓንቱን አጥልቆ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ያ ሥር ሲወጣ ያየሁትን ልንገራችሁ። አፈሩን ገለጥ ስታደርጉት አውራ ጣት የሚወፍር፣ የአጥንት ቀለም ያለው ገመድ ይታያል፣ በየአንጓው ጭራ ጭራ ሥር አውጥቷል። ሁለት ሰው ይዞ ሲስበው ሣሩን እየቀደደ ብድግ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይበጠሳል፣ የተበጠሰበትን ፈልጎ እንደገና መቆፈር ነው። አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ሊበቅል ይችላልና ልጆቹ ከኋላ እየተከተሉ ስብርባሪውን ለቀሙ። መኪና ማቆሚያው ሲሚንቶ ላይ ለፀሐይ ተሰጣ፣ ሲደርቅ በከረጢት ሆኖ ወደ ቆሻሻ ሄደ። ከግንዱ እማማ ረጃጅሙን መርጠው ለሁለቱም ቤት የቲማቲም ድጋፍ አደረጉት፤ ጥቂቱንም በቢላ ሰንጥቀው ቅርጫት ሠሩ፣ አንዱን ለወይዘሮዋ።

መድኃኒት ረጭቶ መገላገልስ አይቻልም ወይ የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ግላይፎሴት የሚባለው አለ፤ ተቆርጦ መልሶ ባቆጠቆጠው ቅጠል ላይ በበጋው መጨረሻና በመኸር ሲረጭ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ እሱም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይጨርስም። እነሱ ልጆችና የጎመን መደብ ስላላቸው አልፈለጉትም። የምትጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳትዘሉ አንብቡ፤ ከተረጨበት ቦታ ደግሞ ቡቃያ አትብሉ።

የቀረው ከኋላ ያለው ሦስተኛው ቤት ነበር። ያ ሰው ቀርከሃዬ ደስ ይለኛል፣ አልነካውም አለ። መብቱ ነው። ስለዚህ በዚያ በኩል 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፈረና ወፍራም የፕላስቲክ መከለያ ቆመ፣ ጫፉም አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ቀረ፤ ሥሩ በላዩ ሊሻገር ሲሞክር ታይቶ እንዲቆረጥ። በየመኸሩ መዞርና ማየት ያስፈልጋል።

እማማ በመስከረም አገራቸው ገቡ። በሚቀጥለው ጸደይ የወጣው ቡቃያ እርሳስ የማይወፍር ቀጭን ነበር፤ ልጁ በስልክ ቢነግራቸው «እየራበው ነው፣ እንዳትተው፣» አሉት። አልተወውም። ዘንድሮ ጓሮው ሣር ነው፣ እዚህም እዚያም ብቅ የሚለውን ወይዘሮዋ ከሁሉም ቀድመው ያዩታል፣ በአጥሩ ላይም ይጠቁማሉ።

ያ ሦስተኛው ሰውዬ ባለፈው ሳምንት በሩን አንኳኩቶ መጣ። ቀርከሃው በሌላው ወገን ሄዶ የመኪና ማቆሚያውን አስፋልት አንሥቶበታል። እንዴት እንዳደረጋችሁት አሳዩኝ አለ። 811 ተደውሏል፣ ቀለሙም ተረጭቷል፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንጀምራለን። ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁም ኑ፤ ስብርባሪ የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል።